ከበሮ ሲነሣ በገና ለምን ይሰቀላል?



ሃምሳ አምስቱን የዓቢይ ጾም ዕለታት በጾም፣ በጸሎትና በስግደት ያሳለፈው ምእመን ትናንት ሌሊት ነጭ ልብሱን ለብሶ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ፣ ጧፍ አብርቶ የትንሣኤውን ብሥራት ሰምቷል። በዚያች ሌሊት ከሚሆኑት ነገሮች ሁሉ ፈጥኖ ወደ ልብ የሚገባው በዐይን ከሚታየው ይልቅ በጆሮ የሚሰማው ነው። እንደሚታወቀው በዓቢይ ጾም እንደ ሥርዓቱ ከበሮና ጸናጽል ዝም ብለው ይሰነብታሉ። ሊቃውንቱ የቅዱስ ያሬድን ጾመ ድጓ የሚያዜሙት መቋሚያቸውን ይዘው፣ በዝማሜ ነው። ብሥራቱ በተነገረ ጊዜ ግን ከበሮው ከተቀመጠበት ተነሥቶ በመቺው አንገት ይንጠለጠላል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ እልልታውም ይከተላል። ሁለት ወር ያህል ዝምታ የለመደ ጆሮ የመጀመሪያዋን የከበሮ ምት ሲሰማ ሰውነትን እንዴት እንደሚነዝር በዚያ ቆሞ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

በየቤታችንና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በጾሙ ወራት አቧራው ተራግፎ፣ አውታሩ ተቃኝቶ ሲደረደር የሰነበተው በገና ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰማ የነበረውም እየራቀ ይሄዳል፤ የመዝሙር መሸጫ ሱቆችም በራፋቸው ላይ የሚያሰሙትን ይለውጣሉ። የሚመጣው ዓመት ዘወረደ እስኪደርስ ድረስ፣ አሥር ወር ያህል፣ በገናን ከግድግዳ የሚያወርደው ጥቂት ሰው ነው። እንግዲህ ከበሮ በተነሣበት ሌሊት በገና ይሰቀላል ማለት ነው። ዛሬ በዚህ የበዓል ገጽ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ይህ ነው።

በመሠረቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሥርዓት አለ ወይስ የለም ብሎ ነው። በገና የቅዳሴ መሣሪያ አይደለም፤ የማኅሌትም መሣሪያ አይደለም። ማኅሌቱ የሚቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለሆነም በገና እንደ ከበሮው በዚህ ጊዜ ይነሣ፣ በዚህ ጊዜ ይቀመጥ ተብሎ በሥርዓተ ማኅሌት የተወሰነለት ወቅት የለውም። በገና ከቤተ መቅደሱ ቅጽር ወጥቶ በቤት ውስጥና በትንንሽ ጉባኤ የሚኖር የግል ጸሎት መሣሪያ ነው። ወቅት ያበጀንለት እኛው ነን።

መጻሕፍትን ስንመለከትም የምናገኘው ከልማዳችን ይለያል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው ዳዊት በሳኦል ፊት በገና የደረደረው የንጉሡን የታወከ መንፈስ ለማሳረፍ ነው። ይኸው ዳዊት በመዝሙር 32 እና 91 አሥር አውታር ያለውን መሣሪያ የሚጠራው በምስጋናና በደስታ መካከል ነው። ነገሩ በብሉይ ኪዳን ብቻ አያበቃም። ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 5 ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ በታረደውና ሕያው በሆነው በግ ፊት በገና ይዘው እንዳየ፣ በምዕራፍ 15 ደግሞ ድል የነሡት የእግዚአብሔርን በገና ይዘው እንደቆሙ ጽፏል። ይህ የጾም ሥዕል ነው ሊባል አይቻልም። ከሞትና ከድል በኋላ ያለ የበዓል ሥዕል ነው። በአንጻሩ መዝሙር 136ን የሚደግም ሰው የዜማ መሣሪያ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ የሚያገኘው በባቢሎን ወንዞች ዳር፣ በምርኮ አገር ነው። ነፃ በወጣንበት ማግስት በገናችንን መስቀላችን ይህን ባስታወስን ቁጥር ያስገርመናል።

ታዲያ ልማዱ ከወዴት መጣ? መልሱ ሩቅ አይመስለንም። በሀገራችን ክርስቲያን የሆነ ሰው በዓቢይ ጾም ከዘፈን ይርቃል፤ በከተማ ያሉ የአዝማሪ ቤቶችም በዚያ ወቅት ጭር ይላሉ። ክራሩና ማሲንቆው ጋብ ሲል ዝምታው የሚሞላው ድምፅ ይፈልጋል፤ በገናም ከዘፈን የራቀ በመሆኑ ይህን ቦታ ይይዛል። በኋላም ሬዲዮ ሲመጣ በጾም ጊዜ በገና ማሰማትን ልማድ አደረገው። ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ በገናን ከሽሮና ከጎመን ጋር አንድ ላይ ለመደው። አያቶቻችን ቤታቸው ተቀምጠው በፈለጉት ሰንበት ይሰሙት የነበረውን ነገር እኛ በፕሮግራም ሰዓት ለመድነው ማለት ነው።

የበገና ያለፈ ታሪክ የአንድ ወቅት ታሪክ አልነበረም። እንደ ሀገራችን ትውፊት በገና ከቀዳማዊ ምኒልክና አብረውት ከመጡት ሌዋውያን ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባ ነው። በቅርቡም ዘመን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ይማሩት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ትምህርቱ የሚተላለፈው መምህርና ደቀ መዝሙር ጐን ለጐን ተቀምጠው፣ ጣት ጣትን እያየ ነው። ለዚህ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን መጥቀስ ይበቃል። በእንጦጦ አካባቢ ልጅ ሳሉ፣ በ12 ዓመታቸው ገደማ፣ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉትን ደርዳሪ አግኝተው ከእርሳቸው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና በመደበኛ ትምህርትነት መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ተስፋ የተጣለበት ነበር፤ መጋቤ ስብሐትም በዚያ አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ደርግ ግን ለመንፈሳዊ ዜማ ቦታ ስላልነበረው በገና ከሬዲዮውም ከትምህርት ቤቱም እየራቀ ሄደ። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1980 መምህርነቱን ትተው በፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። በገናውን ግን አልተዉም። ኢትዮጵክስ በተሰኘው፣ በፈረንሳይ አገር በሚታተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ 11ኛው ቅጽ የእርሳቸው በገና ነው። በብራስልስ ስለ በገና የዶክትሬት ጥናት የሠራችው ስቴፋኒ ዋይሰርም ከሀገራችን ደርዳርያን ጋር ዓመታት ቆይታ የመሣሪያውን ድምፅ መርምራለች። የውጭው ዓለም በገናን ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ብቻ አልሰማውም ለማለት ነው።

ዛሬ ያ የጭንቅ ዘመን አልፏል። በብዙ አጥቢያዎች ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በገና ያስተምራሉ፤ ወጣቶች፣ በተለይም እኅቶች፣ በብዛት ይማራሉ። በያሬድ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የማታ ትምህርት ተሰጥቷል። የምሥራች ነው። እኛም በእነዚህ ዓመታት በአዲስ አበባ ባሉ በጥቂት ትንንሽ አዳራሾች እየተገኘን የበገና ጉባኤዎችን ተከታትለናል። ያየነውን እንደሚከተለው እናካፍላለን።

አዳራሽ ስንል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ። አብዛኞቹ በቅጽሩ ጥግ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው ብሎኬት፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የሆነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባቸው ናቸው። ስድሳ ሰባ ሰው ከገባ ሞሉ ይባላል። ከፊት ለፊት የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ፣ ከጐኑም የቅዱስ ያሬድ ሥዕል ይሰቀላል። መግቢያ ዋጋ የለም። ጉባኤው በጸሎት ይከፈታል፤ ከዚያም ደርዳሪው ከሰው ፊት አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ላይ ባለ መድረክ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ለመቃኘት የሚወስደው ጊዜ ረጅም ነው። ለእንግዳ ሰው መሰልቸት ሊመስለው ይችላል፤ የለመደው ግን ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ ይጠብቃል። ለእኛ ከጉባኤው ሁሉ የምንወደው ይህን ጊዜ ነው፤ ከመንገድ ይዘነው የመጣነው ጫጫታ ከጆሯችን የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና።

በገና የሚያሰማው ድምፅ ከሌሎች አውታር ካላቸው መሣሪያዎች የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ከላይ ቀንበር፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ቋሚዎች፣ ከታችም ቆዳ የለበሰ ገበቴ አለው። ሊቃውንት አሥሩን አውታር ከዐሠርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱን ቋሚዎች ከቅዱስ ሚካኤልና ከቅዱስ ገብርኤል፣ ገበቴውን ከእመቤታችን ጋር እያገናኙ ያመሠጥሩታል። አውታሩ በገበቴው ላይ በቆመው እንጨት በሚያርፍበት ቦታ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዚራ ትባላለች። ይህች ቁራጭ በትክክለኛው ቦታዋ ካልተቀመጠች በገናው ድምፁ ደረቅ ነው፤ ጥቂት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲገፏት ግን አውታሩ ከእርሷ ጋር እየተነካካ እንደ ንብ ቀፎ ይርመሰመሳል። ያ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የሚመጣው ከዚህች የቆዳ ቁራጭ ነው። በነገራችን ላይ ዕንዚራ በግእዙ መዝሙረ ዳዊት ራሱን የቻለ የዜማ መሣሪያ ስም ነው፤ የትልቁ መሣሪያ ስም ወደዚህች ኢምንት ቁራጭ መውረዱ ቋንቋ መርማሪዎችን ሊያነጋግር የሚችል ነው።

ደርዳሪው በግራ እጁ ጣቶች አውታሩን ይመታል፤ ከቀንድ ወይም ከእንጨት በተሠራ መምቻ የሚገርፉም አሉ። በጣት ሲደረደር ሁሉም አሥሩ አውታሮች ድምፅ አይሰጡም። በብዙዎቹ ዘንድ የሚሰሙት ስድስቱ ሲሆኑ የቀሩት አራቱ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ዜማው በእነዚህ ጥቂት ድምፆች ይመላለሳል፤ ሰውየውም በላዩ ላይ ቃሉን በዝግታ፣ አንዳንዴ እንደ ሹክሹክታ ባለ ድምፅ ያወርዳል። ከዚህ የተነሣ በገና ሩቅ የሚሄድ መሣሪያ አይደለም። ቅርብ የተቀመጠ ይሰማዋል፤ ሩቅ የተቀመጠ ያጣዋል። የተሠራውም ለቅርብ ሰው ነው።

ይህን በሚገባ የተረዳነው በአንድ የመጋቢት ቀን ነው። አንድ ወጣት ደርዳሪ ዜማውን ጀምሮ ግጥሙን ከመሐል ሳያደርስ የበልግ ዝናብ መጣ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲዘንብ ሰው ከጐኑ ካለው ሰው ጋር እንኳ መነጋገር ይቸግረዋል። ወጣቱ ድምፁን ከፍ ለማድረግ አልሞከረም። እጁን ከአውታሩ አንሥቶ ቀንበሩን በእቅፉ ይዞ ዝም አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ፤ ከተቀመጠው ሰው አንድም የተነሣ አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ ካቆመበት ቃል ቀጠለ። ድምፅ ማጉያ ቢኖር ኖሮ ዝናቡን ለማሸነፍ ይታገል ነበር ብለን አሰብን። በሌላ አጥቢያ ድምፅ ማጉያው በገናው ፊት ተደቅኖ የእንዚራው እርግብግብታ ወደ ጩኸት ተለውጦ ቃሉ ሲዋጥ ሰምተናልና። ከዚያ ወዲህ አንድ ሽማግሌ ደርዳሪ ወደ መድረክ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማይክሮፎኑን አንሥቶ ለልጆቹ ማቀበል መሆኑን ስናይ አልተደነቅንም።

ጉባኤው ካሴት፣ ሲዲና ስልክ ሊሰጡን የማይችሉት ሌላም ነገር አለው። የበገና ግጥም በቅኔ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ሰሙ አንድ፣ ወርቁ ሌላ ይሆናል። አንድ ቃል ሲጠብቅ አንድ፣ ሲላላ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ደርዳሪው እንዲህ ያለውን ስንኝ ካወረደ በኋላ ቃሉን ትቶ አውታሩን ብቻ እየመታ ጥቂት ይቆያል። ያን ጊዜ በአዳራሹ የሚሆነውን መመልከት ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ከሁሉ ቀድመው ወርቁን አግኝተው ደረታቸውን ይመታሉ። ከጐናቸው ያለች ልጅ ቀና ብላ ታያቸዋለች፤ እርሳቸውም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ይነግሯታል። እርሷም ለጓደኛዋ ትነግራለች። እንዲህ እያለ ወርቁ ከወንበር ወደ ወንበር ይሄዳል። ደርዳሪው ይህን አይቶ ነው ወደሚቀጥለው ስንኝ የሚያልፈው። በስልክ የሚሰማ ሰው ግን ወርቁ ካመለጠው አመለጠው፤ ጐኑ የተቀመጠች እናት የለችውም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ጉባኤ ነው ከዛሬ ጀምሮ የሚቋረጠው። የሚያስከትለውም ጉዳት ከሚታሰበው የበለጠ ነው። በአንደኛው አዳራሽ ያነጋገርናት ወጣት በሦስት ተከታታይ ዓመታት ለበገና ትምህርት ተመዝግባ ሦስቱንም ጊዜ መቃኘትንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዜማዎች ብቻ እንደተማረች፣ ቀጣዩን ሳታይ ትንሣኤ እየደረሰ ትምህርቱ እንደሚቆም ነግራናለች። የግራ እጅ ጣት ልምምድ የሚረሳ ነው፤ በአሥር ወር ዝምታ ያልተረሳ ነገር የለም። መሣሪያውም ቢሆን ሰው ካልነካው ይጐዳል። አውታሩ የበግ አንጀት በመሆኑ በበጋው ይደርቃል፤ በክረምቱ እርጥበት ይላላል፤ በሚያዝያ የተሰቀለ በገና በየካቲት ሲወርድ ሁለት ሦስት አውታር ተበጥሶ መገኘቱ የተለመደ ነው። የበገና ሠሪዎችም ከጾሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ትእዛዝ ይበዛባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ። በዚህ ሙያ ዓመቱን ሙሉ መኖር ያልቻለ ሰው ልጁን ያስተምራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

የአዳራሾቹ ጉዳይም አለ። ከትንሣኤ በኋላ የሠርግ ወቅት ነው። ብዙ አጥቢያዎች አዳራሻቸውን ለሠርግ ያከራያሉ፤ የበገናው አግዳሚ ወንበር ወጥቶ የፕላስቲክ ወንበርና ጠረጴዛ ይገባል። ገቢው ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚረዳ ስለሆነ አንቃወምም፤ ሠርግም የተባረከ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሠርግ በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አዳራሹ ተቆልፎ ያድራል። ቁልፉን ከያዘው ሰው ጋር መነጋገር ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት የሚከብድ አይመስለንም።

ይህን ሐሳብ ስናቀርብ ከአንዳንድ አባቶች የሚሰማውን ተቃውሞ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በገና የልቅሶና የንስሐ ነው፣ በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ጾምም ስግደትም የለም፣ ስለዚህ በዚህ ወቅት ሰውን ማስለቀስ አይገባም ይላሉ። አባቶች ናቸውና ቃላቸውን በአክብሮት እንቀበላለን፤ በእርግጥም ነገሩ መሠረት አለው። ዛሬ በየጉባኤው የሚደረደሩት ግጥሞች አብዛኞቹ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ መቃብርና ስለ ፍርድ የሚናገሩ ናቸው። ነገር ግን ይህ የመሣሪያው ጠባይ ሳይሆን የእኛ ምርጫ ውጤት ነው። በገናን በጾም ብቻ ስለምንሰማው ባለ ግጥሞቹ የሚገጥሙት ለጾም ብቻ ሆነ፤ የሚገጠምለት ለጾም ብቻ ስለሆነም በጾም ብቻ እንሰማዋለን። ክቡ እንዲህ ተዘጋ። የእመቤታችን ምስጋና፣ የቅዱሳን ገድል፣ የሥነ ፍጥረት አድናቆት በበገና የቆየ ቦታ አላቸው። የትንሣኤው ግን በጣም ጥቂት ነው።

ይህም ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ ነው። በገናን ከልጅነቱ ጀምሮ በጾም ብቻ የሰማ ልጅ፣ ስለ መቃብር ብዙ ሰምቶ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ስለተገኘበት ማለዳ አንድም ዜማ ሳይሰማ ያድጋል። የሞትን ነገር በበገና ካስተማርነው የትንሣኤን ነገር በምን እናስተምረዋለን? በማኅሌቱ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ሆኖም ማኅሌቱ በግእዝ ነው፤ በገና ግን እናትና ልጅ በሚነጋገሩበት አማርኛ የሚናገር ነው። ማርያም መግደላዊት በአትክልቱ ቦታ ቆማ ጌታን ሳታውቀው አትክልተኛው የመሰላትን ያን ሰዓት አንድ የቅኔ ቤት ተማሪ በሰምና ወርቅ ቢገጥመው ምን ያህል እንደሚያምር እናስብ። ሰሙ አትክልተኛው፣ ወርቁ ጌታ ነው። ወንጌሉ ራሱ ቅኔውን አዘጋጅቶ ሰጥቷል። የኤማሁስ መንገደኞችም እንዲሁ ናቸው። በየቅኔ ቤቱ ያሉ ወንድሞቻችን ይህን እንዲያስቡበት በዚህ አጋጣሚ እንጠይቃለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። በገና ከጾም ወጥቶ ይሰማ ስንል በየሠርጉና በየግብዣው ለማድመቂያ ይቅረብ ማለታችን አይደለም። ሳሕንና ብርጭቆ በሚንኳኳበት፣ ሰው ምግብ እያነሣ በሚያወራበት ቦታ ደርዳሪ ጥግ አስቀምጦ ማየት ያሳዝናል። እንዲህ ያለውን በአንዳንድ የእንግዳ መቀበያ ቦታዎች አይተናል። ከዚህስ በግድግዳው ላይ መሰቀሉ ይሻለው ነበር። የምንለው እንዲያው ትንሹ አዳራሽ፣ አግዳሚው ወንበርና ዝምታው ከትንሣኤ በኋላም ይቀጥሉ ነው። በቤትም ቢሆን ልጁ በገና የተማረለት ቤተሰብ በሰንበት ማታ ከራት በኋላ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ቢያስደረድረው ልጁ የተማረውን አይረሳም፤ አያትም የሚሰሙት ነገር ያገኛሉ።

ሥራውን የጀመሩ አሉ። በዝናቡ ቀን የተገኘንበት ያ አጥቢያ ዘንድሮ የበገና ጉባኤውን በትንሣኤ ላለማቋረጥ ወስኗል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ማታ ይጀምሩና እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ከክረምቱ በፊት ያሉትን ሳምንታት መምረጣቸውን ስንጠይቅ ምክንያቱ ቆርቆሮው መሆኑን እየሳቁ ነገሩን፤ በሐምሌና በነሐሴ በዚያ ጣሪያ ሥር በገና መደርደር የማይታሰብ ነው። ለክረምቱ ደግሞ ጣሪያው ኮርኒስ ካለው ከአንድ ምእመን ቤት ሳሎን ተፈቅዶላቸዋል።

የቸገራቸው አውታር ነው። ብዙዎች አሁን ናይሎን ይጠቀማሉ፤ ይገኛል፣ አይበጠስም። ሆኖም ናይሎኑ ከእንዚራው ጋር ሲነካካ የሚሰጠው ድምፅ ቀጭንና ብርማ ነው፤ የአንጀቱን ወፍራም እርግብግብታ አይሰጥም። እኛ በበኩላችን ለአንጀቱ እናደላለን። የአጥቢያው ልጆች ከአንድ የበገና ሠሪ ጋር ተነጋግረው ዛሬ ጠዋት ቅርጫት ይዘው በየቤቱ ሊዞሩ ተስማምተዋል። በዛሬው ቀን በከተማችን ምን ያህል በግ እንደሚታረድ ሁላችንም እናውቃለን። ጨጓራውና ጉበቱ ለዱለት ይሄዳል፤ ቀጭኑ አንጀት ግን በብዙ ቤት ይጣላል። ያ አንጀት ሳይውል ሳያድር ታጥቦ፣ በቢላ ጀርባ ስቡ ተፍቆ፣ እርጥብ ሳለ ተገምዶ፣ በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ በጥላ ከደረቀ የበገና አውታር ይሆናል። ፀሐይ ከነካው ይሰነጠቃል። አንጀቱ እንዳይበጣጠስ አራጁ ሲያወጣው በጥንቃቄ መሳብ እንዳለበትና ጨው እንዳይነካው ሠሪው አደራ ብለዋል። አዲስ አውታር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ ስለሚላላ፣ ልጆቹ ከማክሰኞው ጉባኤ ሁለት ቀን ቀድመው እየወጠሩ ሊያለማምዱት አስበዋል።